ዝም ያለው ሁሉ ነቅዞ ነበር፦ የጊትላብ የመረጃ ቋት ጠፍቶ የተመለሰበት ሌሊት

የሁለቱ ሰርቨሮች ስም የሚለያየው በአንድ አኃዝ ብቻ ነበር፤ አንደኛው ዲቢ1፣ ሌላው ዲቢ2። ኢንጂነሩ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ሲሠራ አምሽቷል። ያሰበው ዲቢ2 ላይ ያለውን የመረጃ ማውጫ አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነበር። ትእዛዙን ጻፈና ቁልፉን ተጫነ። አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ እንዳለፈ የቆመበት ሰርቨር ዲቢ1 መሆኑን አስተዋለ። ትእዛዙን ወዲያው አቋረጠው። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው የመረጃ ቋት ውስጥ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነበር።

ጊዜው ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ነው፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 31 ቀን 2017። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ሰዓቶች ሁሉ ለአንባቢ እንዲቀል ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሬያቸዋለሁ።

ጊትላብ የሶፍትዌር ሠሪዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና አንዱ የሌላውን ሥራ የሚያርምበት አገልግሎት ነው። ኮዱ ራሱ በጊት ማከማቻዎች ውስጥ ሆኖ በሌሎች የፋይል ሰርቨሮች ላይ ይቀመጣል። ተጠቃሚው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ፕሮጀክት የማን እንደሆነ፣ ማን ምን እንዲያይ እንደተፈቀደለት፣ ሰዎች እርስ በርስ የተጻጻፉት አስተያየት ግን በሙሉ ፖስትግሬስ በተባለ የመረጃ ቋት ሶፍትዌር በሚሠራ አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ነበር። ዲቢ1 ዋናው ነው፤ ማንበቡም መጻፉም የሚካሄደው በእሱ ላይ ነው። ዲቢ2 የዋናውን ለውጥ እግር በእግር እየተከተለ የሚገለብጥ ተጠባባቂ ሲሆን ዋናው ቢወድቅ ከመተካት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም።

ድርጅቱ ከአሥር ቀን በኋላ፣ የካቲት 3 ቀን፣ የዚያን ሌሊት ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚተርክ ዘገባ አወጣ። በዳታቤዝ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ጉዳይ ስናነሣ ብዙውን ጊዜ የተሳሳተውን ትእዛዝ ተርከን እንስቃለን፣ ከዚያም እንለያያለን። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን፤ ለሰው አፍ ይሠራ ይሆናል። በዚያ ሌሊት ግን ዝም ያለ ነገር ሁሉ ተከፍቶ ሲታይ ነቅዞ ተገኘ።

ምሽቱ

ነገሩ የሚጀምረው ከምሽቱ 2፡20 ላይ ነው። ይኸው ኢንጂነር የመረጃ ጥያቄዎችን በበርካታ ሰርቨሮች ላይ የሚያከፋፍል ፒጂፑል የተባለ ሶፍትዌር ሊሞክር ፈለገ። ለሙከራው ትኩስ መረጃ ያስፈልገው ነበርና ከዋናው ሰርቨር ዲስክ ላይ ኤልቪኤም በተባለው የሊኑክስ ዲስክ ማስተዳደሪያ ቅጽበታዊ ቅጂ አንሥቶ ወደ ሙከራ ሰርቨሩ ጫነው። እንዲህ ያለው ቅጂ በየ24 ሰዓቱ በራሱ ይነሣል፤ እሱ ግን ተራውን ሳይጠብቅ በእጁ አነሣው። ለመጠባበቂያ ብሎ ያደረገው ነገር አልነበረም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ በዳታቤዙ ላይ ጫናው በረታ። አይፈለጌ መልእክት የሚያራቡ ሰዎች ጥቃት ከፍተዋል ተብሎ ተጠረጠረና እነሱን በማገድ ጊዜ ጠፋ። በኋላ እንደታወቀው ሌላም ምክንያት ነበር። አንድ ተንኮለኛ ተጠቃሚ የድርጅቱን ሠራተኛ በጥፋት ጠቁሞ ነበር፤ ሠራተኛው ማን መሆኑ ሳይስተዋል አካውንቱ እንዲሰረዝ ታዘዘና የስረዛው ሥራ ከበስተጀርባ ሠንጠረዦቹን ያተራምስ ጀመር።

ይህ ሁሉ ጽሕፈት ሲበዛ ተጠባባቂው መከተል አቃተው። እዚህ ላይ የፖስትግሬስን ጠባይ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል፤ የሌሊቱ ነገር ሁሉ ከዚህ ይመነጫልና። ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ ወደ ሠንጠረዡ ፋይል ከማስገባቱ በፊት በመዝገብ ያሰፍረዋል። ገንዘብ ያዥ ብሩን ወደ ካዝናው ከመክተቱ በፊት ደረሰኝ እንደሚቆርጠው ማለት ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ማሽኑ ቢወድቅ፣ ሲነሣ ደረሰኞቹን እያየ ሒሳቡን ያስተካክላል። መዝገቡ እያንዳንዱ 16 ሜጋባይት በሆነ ቁራጭ የተከፋፈለ ነው። ተጠባባቂው እነዚህን ቁራጮች በቅደም ተከተል እየተቀበለ በራሱ ላይ ይደግማቸዋል። ዋናው ደግሞ ያለቀላቸውን ቁራጮች ቦታ ለማስለቀቅ ያስወግዳቸዋል። እንግዲህ ተጠባባቂው ዘግይቶ ገና ያልተቀበለው ቁራጭ ከዋናው ላይ ከተወገደ ነገሩ ያከትማል። መካከሉን ዘሎ መቀጠል አይቻልም፤ ከአናቱ እንደገና መገልበጥ ብቻ ነው ያለው። ቁራጮቹን ከመወገዳቸው በፊት ወደ ሌላ ቦታ እየገለበጡ ማከማቸት የታወቀ መከላከያ ነው። ጊትላብ በዚያን ጊዜ ይህን አልዘረጋም ነበር።

ወደ 8 ሰዓት ሲጠጋ ተጠባባቂው በ4 ጊጋባይት ገደማ ወደ ኋላ ቀርቶ ጨርሶ ቆመ። ኢንጂነሩ መሽቷልና ሥራ ላብቃ ብሎ ተናግሮ ነበር፤ ይህ ሲመጣ ቀረ። የዲቢ2ን የመረጃ ማውጫ ሆን ብሎ አጸዳና ፒጂ ቤዝባክአፕ የተባለውን መሣሪያ አስነሣ። ሥራው ዋናውን ዳታቤዝ ሙሉ በሙሉ ወደ ተጠባባቂው መገልበጥ ነው። መሣሪያው መጀመሪያ የመዝገብ ላኪዎች ቁጥር ገደብ አንሷል ብሎ አጉረመረመ። ኢንጂነሩ ዲቢ1 ላይ ገደቡን ወደ 32 ከፍ አደረገና ፖስትግሬስን ሊያስነሣ ሞከረ፤ አሁን ደግሞ ፖስትግሬስ ስርዓተ ክወናው ፕሮግራሞች ተራ እንዲጠባበቁ የሚያድለው የሴማፎር ኮታ አልበቃኝም ብሎ አልነሣም አለ። ከፍተኛው የግንኙነት ብዛት 8000 ተብሎ ተቀምጦ ነበር፤ ወደ 2000 ሲወርድ ተነሣ። ያ 8000 ሳያስቸግር አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው ነበር።

ከዚያም ዝምታው መጣ። ፒጂ ቤዝባክአፕ እንደገና ተነሣ፤ ስሕተት አልተናገረም፣ እድገት አላሳየም፣ አልተዘጋም። ውስጡን ለማየት የስርዓት ጥሪዎችን በሚያሳየው ስትሬስ ተሞከረ፤ የታየው ፕሮግራሙ አንድ ነገር እየጠበቀ መሆኑን ብቻ ነው፤ ምን እንደሚጠብቅ አልታወቀም። ጉዳዩ ኋላ ሲጣራ መሣሪያው ምንም አልሆነም ነበር። ዋናው ሰርቨር መረጃውን መላክ እስኪጀምር ድረስ ድምፁን አጥፍቶ መጠበቅ ጠባዩ ነው። ፒጂ ቤዝባክአፕ መገልበጥ ከመጀመሩ በፊት ዋናው ሰርቨር በጊዜያዊ ማስታወሻው (ሜሞሪ) የያዘውን ወደ ዲስክ የሚያራግፍበትን ሥርዓት ይጠብቃል፤ ፍጠን ተብሎ ካልታዘዘ በስተቀር ያ ማራገፍ ሰርቨሩን እንዳያጨናንቅ ቀስ እያለ ይከናወናል። የድርጅቱ የሥራ መመሪያ ይህን አይናገርም፤ የመሣሪያው ሰነድም በግልጽ አላስቀመጠውም ነበር።

እስቲ ራሳችሁን በቦታው አስቀምጡ። እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ተጠባባቂ የለም፣ መሣሪያው አይናገርም። ኢንጂነሩ ምናልባት ያለፉት ሙከራዎች ዲቢ2 ላይ ቁርጥራጭ ፋይል ትተው ይሆናል፣ ያ ይሆናል የያዘው ብሎ አሰበ። እውነቱን ለመናገር መሣሪያው ባዶ ያልሆነ ማውጫ ሲያጋጥመው ስሕተት ብሎ ይናገራል፤ እሱም ይህን ሳያውቀው አይቀርም። ግን ዝም ያለ መሣሪያ ሰውን የማይጠረጥረውን ያስጠረጥራል። ማውጫውን ሊያጠፋ ተነሣ፤ ቀጥሎ የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

የጠፋው ምን ነበር

300 ጊጋባይት በአንድና ሁለት ሰከንድ ውስጥ እንዴት ይጠፋል ብሎ የሚጠይቅ አለ። ማጥፋት ማለት መረጃውን መደምሰስ ሳይሆን ስሙን ከማውጫው ላይ መሰረዝ ነው። ፖስትግሬስ ትልልቅ ሠንጠረዦችን አንድ አንድ ጊጋባይት ወደሆኑ ፋይሎች ይከፋፍላል፤ ስለዚህ ብዙው ክብደት የተሸከመው በጥቂት መቶ ስሞች ላይ ነው። ጥቂት መቶ ስም መሰረዝ ለማሽን ምኑም አይደለም።

በዚያ ማውጫ ውስጥ ደግሞ ሠንጠረዥ ብቻ አይደለም ያለው። ጠቅላላ ክብደታቸው ከቁጥር የማይገባ ሌሎች ፋይሎች አሉ፤ እነሱ ከሌሉ ሠንጠረዡ ሙሉ ቢሆንም የሞተ ነው። አንዱ የመቆጣጠሪያው ፋይል ነው። መጠኑ 8 ኪሎባይት ነው፤ የዳታቤዙን መለያ ቁጥርና መጨረሻ ላይ ማራገፍ የተከናወነው በመዝገቡ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ሰርቨሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነበው ይህን ነው። በኦራክል ዓለም ያደጉ ሰዎች የመቆጣጠሪያ ፋይልን በሁለትና በሦስት ዲስክ ላይ ማባዛት እንደ ጸሎት የሚደግሙት ነገር ነው፤ ቢጠፋም በእጅ እንደገና የሚጻፍበት ትእዛዝ አላቸው። ፖስትግሬስ አንዲት ብቻ ነው የሚያኖረው። እሷ ስትጠፋ በግምት የሚሠራ መሣሪያ አለ፤ ግን የሚሠራው ግምት ነውና የተመለሰውን ዳታቤዝ ማመን ከባድ ነው።

ሌላው ያ የደረሰኝ መዝገብ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው 9.6 እትም የመዝገቡ ማውጫ ስም ላይ «ሎግ» የሚል ቃል ነበረበት፤ የትኛው ለውጥ እንደጸደቀና የትኛው እንደተሻረ የሚይዘው ማውጫም እንዲሁ። «ሎግ» ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው ተራ የውሎ ማስታወሻ ነው፤ ዲስክ ሲሞላ መጀመሪያ የሚጠረገው። ስንት ሰው ቦታ ላስለቅቅ ብሎ ዳታቤዙን በእጁ ገድሏል! የፖስትግሬስ ሠሪዎች በዚያው በ2017 በወጣው 10ኛ እትም ሁለቱንም ስሞች ቀየሩና «ሎግ» የሚለውን ቃል አወጡት። ስም አወጣጥ ትንሽ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በዲቢ1 እና በዲቢ2 መካከል ያለውን ርቀት እንደገና ይመልከት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጊትላብ ታሪክ ውጭ ነው። በሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘው ፋይል ስሙ ቢሰረዝም ይዘቱ ፕሮግራሙ እስኪለቀው ድረስ ዲስኩ ላይ ይቆያል፤ ሊኑክስ እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን በሚያሳይበት የፕሮክ ማውጫ በኩል ገብቶ መልሶ መገልበጥም ይቻላል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ እጅ የሚሮጠው ሰርቨሩን ወደ ማጥፋት ነው፤ ያኔ የመጨረሻው መያዣ ይለቀቃል።

አምስቱ መጠባበቂያዎች

አገልግሎቱ ተዘጋ፣ ድንገተኛ የዳታቤዝ ጥገና ላይ ነን የሚል መልእክት በትዊተር ወጣ። ቀጥሎ መጠባበቂያ ፍለጋ ተገባ። በወረቀት ላይ ድርጅቱ አምስት ዓይነት መጠባበቂያ ነበረው። በዚያ ሌሊት የያዙት ማስታወሻ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ከአምስቱ በአስተማማኝ የሚሠራ ወይም መጀመሪያውኑ የተዘረጋ አንድም አልተገኘም።

ተጠባባቂው ሰርቨር ቀድሞ ሆን ተብሎ ተጸድቷል። ሰርቨሮቹ የተከራዩበት የማይክሮሶፍት ደመና አዙር የሚሰጠው የዲስክ ቅጽበታዊ ቅጂ ለፋይል ሰርቨሮቹ ተከፍቷል፤ ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ ግን አልተከፈተም፤ ሌሎቹ ይበቃሉ ተብሎ ነበር። ከእነዚያ «ሌሎች» አንዱና ዋናው የዳታቤዙን ይዘት ወደ ፋይል በሚቀዳው መሣሪያ በፒጂ ደምፕ በየ24 ሰዓቱ ተዘጋጅቶ ወደ አማዞን የፋይል ማከማቻ ኤስ3 የሚላከው ቅጂ ነው። ማከማቻው ሲከፈት ባዶ ነበር።

ይህ የፒጂ ደምፕ ነገር ከጉዳዩ ሁሉ የበለጠ ቀርቦ መታየት ያለበት ይመስለኛል። ዳታቤዙ የሚሠራው በፖስትግሬስ 9.6 ነው። መጠባበቂያውን የሚያወጣው ትእዛዝ ግን የሚሄደው በዳታቤዝ ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን በአንድ የመተግበሪያ ሰርቨር ላይ ነበር። የጊትላብ የመጫኛ ጥቅል በዚያን ጊዜ ሁለት የፖስትግሬስ እትሞችን መሣሪያዎች ይዞ ይመጣ ነበር፤ የትኛውን ልጠቀም የሚለውን የሚወስነው በመረጃ ማውጫው ውስጥ ያለችውን የእትም ቁጥር ብቻ የተጻፈባትን ትንሽ ፋይል አንብቦ ነው። በመተግበሪያ ሰርቨር ላይ ዳታቤዝ የለም፤ ዳታቤዝ ከሌለ የመረጃ ማውጫ የለም፤ ማውጫው ከሌለ ያቺ ፋይል የለችም። ጥቅሉም ፋይሏን ሲያጣ 9.2ን መረጠ። የ9.2 ፒጂ ደምፕ ከእሱ የሚበልጥ 9.6 ሰርቨር ሲያገኝ አልቀዳም ብሎ በስሕተት ይወጣል። ይህ ደግሞ ትክክለኛ ጠባይ ነው፤ የማያውቀውን ቅርጽ በግምት ቀድቶ የተበላሸ ቅጂ ከሚሰጥ እምቢ ማለቱ ይሻላል።

እምቢታው ግን ለማን ደረሰ? ሥራው በሰዓት የሚነሣ ስለነበር ሲከሽፍ ኢሜይል ይልካል። ኢሜይሎቹ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲማርክ አልተዘረጋላቸውም፤ ተቀባዩ ወገን ማንነታቸው ያልታወቀ ናቸው ብሎ መለሳቸው። የስሕተት ኢሜይል ያልደረሰው ሰው ስሕተት የለም ብሎ ያምናል። መሣሪያው በየሌሊቱ ጮኋል፤ ጩኸቱ በር ላይ ታፍኖ ቀርቷል።

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ የራሴን ሰርቨሮች ለማየት ሄድኩ። ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት በየሌሊቱ የሚወጣ የመጠባበቂያ ስክሪፕት ነበር፤ ፒጂ ደምፕ የሚያወጣውን በቀጥታ ወደ ማመቂያው ጂዚፕ ያስተላልፋል። ፋይሎቹ በየቀኑ በሥርዓት ተደርድረዋል፣ ቀናቸው ትክክል ነው። መጠናቸውን ሳይ የአንዳንዶቹ 20 ባይት ነው። ጂዚፕ ባዶ ነገር ሲሰጡት የሚያወጣው ፋይል ልክ 20 ባይት ነው። ፒጂ ደምፑ ከሽፎ ምንም ሳያወጣ ሲቀር ጂዚፕ ባዶውን በትጋት አምቆ ተሳክቷል ይላል፤ ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ሼል ደግሞ ካልታዘዘ በቀር የሚያዳምጠው የመጨረሻውን ትእዛዝ ቃል ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

መመለሻው

የቀረው ከምሽቱ 2፡20 ላይ የተነሣው ቅጂ ነበር። ያ ባይኖር የሚቀጥለው ቅጂ በራሱ ተራ የተነሣው፣ እስከ 24 ሰዓት ሊያረጅ የሚችለው ነበር። ዳታቤዙን ያጠፋው እጅና ሳያስበው ያዳነው እጅ የአንድ ሰው ናቸው።

ከዚህ በኋላ የሠሩት ሥራ ግን ሊመሰገን ይገባል፤ አንዳንዱ ለማንም የዳታቤዝ ባለሙያ በቃል ሊያዝ የሚገባው ነው። ኢንጂነሩ ዛሬ ከእንግዲህ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ምንም ትእዛዝ ባልሰጥ ይሻላል ብሎ መመለሱን ለባልደረባው አስረከበ። እኔ ከዚያ ሌሊት ውሳኔዎች ሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው። ከሌሊቱ 9፡36 ላይ የመጨረሻው ተስፋ የሆነው የሙከራ ሰርቨር መረጃ ሳይነካ ተጨማሪ ቅጂ ይወሰድለት ጀመር። 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ደግሞ ከጥፋቱ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት፣ መዝገቡም ጭምር፣ ታሽጎ ተቀመጠ። ለዚያ ጥቅል የሰጡት ስም በእንግሊዝኛ «መቅለጥ» የሚለውን ቃል የያዘ ሲሆን ሲጻፍ ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋውጠውበታል። ያንን የፊደል ስሕተት ባየሁ ቁጥር የጸሐፊው ጣት መንቀጥቀጥ ይታየኛል።

ከሙከራ ሰርቨሩ ወደ ዋናው መገልበጡ ረጅሙ ክፍል ነበር። የሙከራ ሰርቨሮቹ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል በርካሽ ዲስክ ላይ ነው የተሠሩት፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 60 ሜጋቢት አካባቢ ነበር። በልብ ሒሳብ ብንሠራው 300 ጊጋባይት 2,400,000 ሜጋቢት ነው፤ ለ60 ሲካፈል 40,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከ11 ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ያውም ሳይቋረጥ ከሄደ ነው። ዝግጅቱና ማጣራቱ ሲጨመር አገልግሎቱ 18 ሰዓት ያህል ተዘግቶ ዋለ። ማንም ሰው መጠባበቂያ ሲገዛ ስንት ጊጋባይት ይይዛል ብሎ ይጠይቃል፤ በስንት ሰዓት ይመለሳል ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም።

መረጃው ሲገባ ሁለት ተንኮል ያላቸው ጉዳዮች ቀሩ። የመጀመሪያው የዌብሁክ ነው፤ አንድ ፕሮጀክት ላይ ለውጥ ሲደረግ ሌላ ቦታ ላለ ሰርቨር መልእክት የሚልከው ማስተካከያ ማለት ነው። የሙከራ ሰርቨሩ በስሕተት የእውነተኛ ደንበኞችን ሰርቨር እንዳያንኳኳ መረጃ ሲጫንበት ዌብሁኮቹ በራስ ሰር ይሰረዛሉ። ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ ግን የሙከራ ሰርቨሩ መጠባበቂያ ይሆናል ብሎ ማን አሰበ? ስለዚህ ከዚያው የኤልቪኤም ቅጂ ላይ ስረዛውን ሳያስነሡ ሌላ ዳታቤዝ አቆሙ፤ የዌብሁክን ሠንጠረዥ ብቻ ከእሱ ቀድተው ወደ ዋናው መለሱት።

ሁለተኛው የተከታታይ ቁጥሮች ነገር ነው። ዳታቤዙ ለእያንዳንዱ አዲስ ፕሮጀክት፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ተጠቃሚ ቀጣዩን ቁጥር ይሰጣል። ወደ ምሽቱ 2፡20 የተመለሰ ዳታቤዝ ከዚያ በኋላ የሰጣቸውን ቁጥሮች አያስታውስም፤ እንደገና ለሌላ ሰው ያድላቸዋል። በዚያ መካከል ግን አሮጌዎቹ ቁጥሮች በኢሜይል ማያያዣ ወጥተዋል፣ በሌሎች ሰርቨሮች ማስታወሻ ተይዘዋል፣ በፋይል ሰርቨር ላይ ማውጫ ተከፍቶላቸዋል። ትናንት የአንድ ሰው የነበረ ቁጥር ዛሬ የሌላ ሲሆን ምን እንደሚከተል ገምቱ። ስለዚህ አገልግሎቱ ከመከፈቱ በፊት የሁሉንም ቆጣሪዎች ልክ በ100,000 ወደ ፊት ገፉት። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ያን ያህል ሰዓት ሳይተኛ ያደረ ሰው ይህን ማስታወሱ ይደንቀኛል።

ረቡዕ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ተመልሶ ሥራ ጀመረ።

በአደባባይ

ሌላ ድርጅት ቢሆን በሩን ዘግቶ ጥገናውን ጨርሶ፣ «የቴክኒክ ችግር አጋጥሞን ነበር» የሚል ሁለት መስመር ባወጣ ነበር። እነዚህ የሥራ ማስታወሻቸውን በጎግል ሰነድ ለማንም ክፍት አደረጉት። የማገገሚያ ሥራውንም በዩቲዩብ በቀጥታ አሳዩ፤ በአንድ ጊዜ ሲመለከት የነበረው ሰው ቁጥር 5,000 ገደማ ደርሶ ነበር። የዓለም የዳታቤዝ ባለሙያ አንድ መቶኛ እየተባለ የሚቆጠረውን የግልበጣ ቁጥር እያየ አብሮ አደረ ማለት ይቻላል።

በኋላ በወጣው ዘገባ ኢንጂነሩ በስሙ አልተጠራም፤ «የቡድን አባል 1» ተብሎ ነው የተጻፈው። ዘገባው «ለምን» የሚለውን ጥያቄ አምስት ጊዜ እየደጋገመ ወደ ሥር ይወርዳል። መጠባበቂያው ለምን አልሠራም? እትሙ ስለተምታታ። ለምን አልታወቀም? ኢሜይሉ ስለታገደ። ለምንስ መጠባበቂያው ተመልሶ አልተሞከረም? ኃላፊነቱ የማንም ስላልነበረ። እኔ እዚህ ላይ ደርሼ ነው ዘገባውን ያመንኩት። ጥፋተኛውን ከመፈለግ ይልቅ ባለቤት የሌለውን ሥራ አገኙት።

ከዚያ በኋላ የተወሰዱት እርምጃዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም አልዘረዝርም። የመዝገብ ቁራጮችን ወደ ሌላ ቦታ ማከማቸት ተዘረጋ፤ ቅጽበታዊ ቅጂው በየ24 ሰዓቱ መሆኑ ቀርቶ በየሰዓቱ እንዲነሣ ተደረገ፤ መጠባበቂያውን የሚከታተልና በራሱ መልሶ እየጫነ የሚፈትን ሥርዓት ታቀደ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ትንሹ ነው። በዚያ ሌሊት ማስታወሻ ላይ ከተጻፉት ሐሳቦች መካከል፣ የትእዛዝ መስመሩ «ዲቢ1» ብቻ ከሚል የሰርቨሩን ሙሉ ስም ያሳይ፣ የዋናው ሰርቨር ቀይ፣ የሙከራው ቢጫ ይሁን የሚል ነበረበት። ቀለም ለመቀየር የሚጠይቀው አንድ መስመር ነው። የፖስትግሬስ ማውጫ ጨርሶ እንዳይጠፋ ይከልከል ወይ የሚል ጥያቄም ቀርቦ ነበር፤ ትክክለኛ መጠባበቂያ ካለ ላያስፈልግ ይችላል ብለው ጥርጣሬአቸውን አብረው አስፍረውበታል።

የጠፋው የጠፋ ነው። ከምሽቱ 2፡20 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ በዳታቤዙ ላይ የተጻፈው ሁሉ አልተመለሰም፤ 5,000 ገደማ ፕሮጀክቶች፣ 5,000 ገደማ አስተያየቶችና 700 ያህል አዳዲስ ተጠቃሚዎች ተብሎ ተገምቷል። የኮዱ ማከማቻዎች በሌሎቹ ሰርቨሮች ላይ ስለነበሩ አልተነኩም። በዚያች መስኮት ውስጥ ተመዝግቦ፣ የመጀመሪያ ፕሮጀክቱን ከፍቶ፣ ኮዱን ልኮ የተኛ ሰው ጠዋት ሲነሣ ግን ስሙ የለም፣ ፕሮጀክቱም የለም። የላከው ኮድ በፋይል ሰርቨሩ ላይ በሰላም ተቀምጧል፤ የእሱ መሆኑን የምትናገረው አንዲት መስመር ናት የጠፋችው።